ስለቱ የውጭ፣ እጀታው የእኛ

ከዓድዋ በዓል በኋላ በነበረው ቅዳሜ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚኖሩት አክስቴ ደውለው ጠሩኝ። «ጋዜጠኛ ነኝ ትል የለ? ና እስቲ ይህን ነገር እየው» አሉኝ። ነገሩ የአባታቸው፣ ማለትም የአያቴ ጎራዴ ነው። ልጅ ሳለሁ ከአልጋው ራስጌ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አውቀዋለሁ፤ እንዳንነካውም እንከለከል ነበር። አሁን ጠረጴዛ ላይ፣ ጋዜጣ ተነጥፎለት ተጋድሞ ጠበቀኝ። አንድ አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ነጋዴ ለሁለተኛ ጊዜ መጥቶ ዋጋ ጠርቶበታል። ዋጋው የሦስት ወር የቤት ኪራይ አይሞላም፤ ለአክስቴ ግን ቀላል ገንዘብ አይደለም።

የገረመኝ የነጋዴው አነጋገር ነው። አክስቴ እንደነገሩኝ እንዲህ ብሏል፦ «እናቴ፣ እኔ የምከፍለው ለስለቱ ነው። አንበሳ አለበት፣ የምኒልክ ስም አለበት። እጀታውና ሰገባው አርጅቷል፤ እሱን አውልቀን አዲስ እናደርግለታለን።»

የአክስቴ ልጅ ደግሞ የራሱን ግኝት ይዞ መጣ። እጀታው አናት ላይ የተገጠመውን የብር ሳንቲም በስልኩ አጉልቶ አንብቦ «1780 ይላል! ይህ ጎራዴ ከአፄ ቴዎድሮስ በፊት የነበረ ነው፣ የጎንደር ዘመን ነው» አለን። ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዝም ብሎ እኔን ተመለከተ።

ሁለቱም ተሳስተዋል። ነጋዴው መጣል የፈለገው የጎራዴውን ኢትዮጵያዊ ክፍል ነው፤ የአክስቴ ልጅ የተማመነበት ዓመተ ምሕረት ደግሞ ስለ ጎራዴው ዕድሜ ምንም አይናገርም። ነገሩ የኛ ቤት ብቻ ስላልሆነ ነው እዚህ የምጽፈው። በየቤቱ ግድግዳ ላይ፣ በየሳጥኑ ሥር እንዲህ ያለ ዕቃ አለ፤ ገዢውም በየሳምንቱ በር ያንኳኳል።

በስለቱ ልጀምር። ከሰገባው ሳወጣው ዘውድ የጫነው፣ ሰንደቅ የያዘው አንበሳ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከጎኑ የንጉሠ ነገሥቱ ማዕረግ በግእዝ ፊደል ተጽፏል። ፊደሎቹን ቀረብ ብዬ ሳያቸው ግን አንዳንዶቹ አንገታቸው ተጣሟል፤ የጻፋቸው ሰው ፊደሉን እንደ ሥዕል ገለበጠው እንጂ እንዳላነበበው ያሳብቃሉ። ጽሑፉ በመሮ የተቀረጸ ሳይሆን በአሲድ የተበላ ነው። ይህ የፋብሪካ ሥራ ነው።

ይህም የሚያሳፍር ነገር የለውም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የገባው የጎራዴ ስለት ብዙው ከአውሮፓ የመጣ ነው። ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ በሰይፍ ሥራ የምትታወቀው የጀርመኗ ዞሊንገን ከተማ ለሱዳንም፣ ለዓረቡም፣ ለእኛም ስለት ስትሸጥ ኖራለች። የፈረንሳይ ፈረሰኛ ሠራዊት ያገለገለባቸው ስለቶችም በምፅዋና በጅቡቲ በኩል ገብተዋል። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ጊዜ ደግሞ የመኮንኖች ጎራዴ ከለንደኑ ዊልኪንሰን ተሠርቶ መጥቷል። አገር ውስጥ ቀጥቃጩ የሠራው ስለት የለም ማለቴ አይደለም። እንደ ማጭድ የተቆለመመው ሾተል በብዛት የአገር ቤት ሥራ ነው። አንበሳና ጽሑፍ ያለበትን ቀጭን ጎራዴ ባያችሁ ጊዜ ግን፣ መጀመሪያ የፋብሪካ ስለት ነው ብላችሁ ተነሡ፤ አይደለም የሚል ማስረጃ ካለ በኋላ ይምጣ።

የንግድ ስለት ብዙውን ጊዜ ራቁቱን ነው የሚመጣው። እጀታ የለውም፣ ሰገባ የለውም። እዚህ ሲደርስ ቀንድ ሠሪው እጀታ ያወጣለታል፤ ቆዳ ፋቂውና ሰፊው ሰገባ ያለብሱታል፤ አንጥረኛው በብር ያስጌጠዋል። ብረቱ የኢትዮጵያ ጎራዴ የሚሆነው ያኔ ነው። በግራ እጅ ጋሻ ስለሚያዝ በቀኝ ጎን እንዲታጠቁት ሆኖ የሚሰናዳውም እዚሁ ነው። የአውሮፓ መንገደኞች ይህን በቀኝ መታጠቅ እያዩ ተገርመው ጽፈውታል፤ እነሱ የሚታጠቁት በግራ ነውና።

እንግዲህ ነጋዴው ምን እያለ ነው? ከዞሊንገን ወይም ከፈረንሳይ በብዛት ተመርቶ የመጣውን ይዞ፣ እዚህ አንድ ሰው በእጁ አንድ ጊዜ የሠራውን ሊጥል ነው።

ይህን ሳስብ ትዝ ያለኝ ጃፓን ነው። ያለ ምክንያት አይደለም። በ1924 ዓ.ም. ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓን ደርሰው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚለውን መጽሐፍ ጽፈዋል። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1923 የወጣው ሕገ መንግሥታችንም የተቀዳው በአመዛኙ ከጃፓኑ ሕገ መንግሥት ነው። የዚያ ትውልድ ምሁራን ጃፓንን የተመለከቱት ከፋብሪካዋና ከጦር መርከቧ አንጻር ነበር። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር እንድንመለከት እፈልጋለሁ፤ የጎራዴ ጌጥ ሠሪዎቿን እንዴት እንዳከበረች።

ጃፓን ውስጥ አንድ ጎራዴ የብዙ ባለሙያ ሥራ ነው። ስለቱን የሚቀጠቅጠው ሌላ፣ የሚያጸዳው ሌላ፣ ሰገባውን የሚጠርበው ሌላ፣ እጀታውን በክር የሚጠመጥመው ሌላ ነው። በእጅና በስለቱ መካከል የምትገባውን ክብ ብረት፣ ጹባ የሚሏትን፣ እንዲሁም የእጀታውን ጌጦች የሚሠራው ደግሞ ራሱን የቻለ የብረት ጌጥ ባለሙያ ነው። ጎቶ የሚባል አንድ ቤተሰብ ከ15ኛው እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ከልጅ ወደ ልጅ ይህንን ብቻ ሲሠራ ኖሯል። ዛሬ ሰብሳቢዎች የቤተሰቡን አባላት በየትውልዳቸው፣ በየስማቸው ይጠሯቸዋል። የትኛው ጌታ በየትኛው ጦርነት ጹባዋን እንደታጠቃት ባይታወቅ እንኳ፣ ማን እንደሠራት ብዙ ጊዜ ይታወቃል። ስሙን ብረቱ ላይ ይቀርጻላ!

ስም ባለበት ሐሰተኛ ስምም አለ። የታወቁ ሠሪዎች ፊርማ እየተኮረጀ ብዙ ተሸጧል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው ፊርማውን መጨረሻ ነው የሚያየው። በቅድሚያ ሥራውን ያያል። ለምሳሌ የጌጡ መደብ ላይ የዓሣ እንቁላል የመሰለ ጥቃቅን ነጥብ ይመታል፤ እያንዳንዷ ነጥብ በእጅ፣ በአንድ ምት የተመታች ናት። ረድፉ እስከ ጠርዙ ድረስ ሳይዛነፍ ከሄደ ሠሪው እጁ የተባ ነው፤ ጠርዙ ላይ ሲደርስ ከተሰባበረ ተማሪ ወይም ቸኳይ ነው። ቀጥሎ ስለቱ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ያያል። ጹባዋ በእርግጥ ጎራዴ ላይ ገብታ ከሆነ፣ ቀዳዳው ዳር እንዲጠብቅ የተመታበት ምልክት ወይም የተሞላ መዳብ ይኖራል። ምንም የመገጣጠም ምልክት ከሌላት፣ ለቱሪስት የተሠራች ልትሆን ትችላለች።

ለቱሪስት መሠራቱ የመጣው ከአንድ አዋጅ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 28 ቀን 1876 የጃፓን መንግሥት ሹመኛና ወታደር ያልሆነ ሰው ጎራዴ እንዳይታጠቅ ከለከለ። (በዚያው ወር የአፄ ዮሐንስ ጦር ጉራዕ ላይ የግብፅን ሠራዊት እያንኮታኮተ ነበር፤ እኛ ዘንድ ጎራዴው ገና ሥራ ላይ ነው።) በአንድ ቀን ያ ሁሉ ጌጥ ሠሪ ገበያ አጣ። ከፊሉ ለአውሮፓ ገበያ የአበባ ማስቀመጫና ሳጥን ወደ ማስጌጥ ዞረ። ካኖ ናትሱዎ የሚባለው የጎራዴ ጌጥ ጌታ ግን ከአዋጁ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የአዲሱን የጃፓን ገንዘብ ቅርጽ እንዲሠራ በመንግሥት ተመርጦ ነበር። በኋላም የቤተ መንግሥት የክብር ሠዓሊ ተባለ፤ ቶኪዮ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም አስተማረ።

የጎራዴ ጌጥ ሠሪ ሳንቲም ቀረጸ። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

የአያቴን ጎራዴ ይዤ አንድ አንጥረኛ ሽማግሌ ዘንድ ሄድኩ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ፒያሳ የሠሩ፣ ፒያሳ በ2016 ሲፈርስ ዕቃቸውን ጠቅልለው የተነሡ ናቸው፤ አሁን ኮተቤ፣ ልጃቸው ቤት በረንዳ ላይ ነው የሚሠሩት። ስለቱን ከሰገባው እንኳ አላወጡትም። እጀታውን ወደ ብርሃን አዙረው ዝም አሉ። ከዚያ «አየኸው?» አሉኝ።

የእጀታው ወገብ ቀጭን ነው፤ ላይና ታቹ ይሰፋል። ጥቁር ይመስላል እንጂ ፀሐይ ሲያርፍበት ዳሩ ማር ይመስላል። ቀረብ ተብሎ ሲታይ ደግሞ ከላይ እስከ ታች እንደ ፀጉር የቀጠኑ መስመሮች አሉበት። የአውራሪስ ቀንድ እንዲህ ነው። የበሬ ወይም የጎሽ ቀንድ በውስጡ አጥንት ስላለው ሲጠረብ ክፍት ይሆናል፣ ሲያረጅም እንደ ሽንኩርት ንብርብሩ ይነሣል። የአውራሪስ ቀንድ ግን አጥንት የለውም፤ እስከ መሐሉ ድረስ የታመቀ ጭረት ነው። ስለዚህ መሐሉን በስተው የስለቱን ቀጭን ጅራት ያሳልፉበታል፤ አይሰነጠቅም። ድሮ የትልቅ ሰው ጎራዴ ምልክት ይኸው ነበር። (ዛሬ የአውራሪስ ቀንድ ንግድ በዓለም አቀፍ ስምምነት የተከለከለ ነው። ይህን አንብቦ እጀታ ለመሸጥ የሚነሣ ካለ፣ ከጉምሩክ በፊት ሕጉን ይጠይቅ።)

ቀጥሎ አናቱን አሳዩኝ። የስለቱ ጅራት እጀታውን ሰንጥቆ አልፎ፣ በሳንቲሙ መሐል ወጥቶ፣ ጫፉ በመዶሻ ተደፍጥጦ ታስሯል። ብዙ ሰው ሳንቲሙን ጌጥ ብቻ ይመስለዋል። እሱ ግን ችንካሩ ቀንዱን እንዳይሰነጥቅ ኃይሉን የሚበትን ማስደገፊያም ነው። ጥሩ ሠሪ ሳንቲሙን ትንሽ ጎድጎድ አድርጎ የቀንዱን ቅርጽ ያስይዘዋል፤ ጣት ብታሳልፉ ጠርዙ አይጎረብጥም። ለቱሪስት በተሠራው ላይ ሳንቲሙ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀመጣል፣ ጠርዙም ልብስ ይይዛል። የአያቴ ጎራዴ ላይ ጣቴ ያለ ችግር አለፈ።

«ይህ እጀታ ለዚህ ስለት ሁለተኛ ባሉ ነው» አሉኝ ሽማግሌው እየሳቁ። ከእጀታው በታች ስለቱ ላይ የቀረ፣ ከአሁኑ እጀታ የሰፋ የሌላ እጀታ ጥላ አለ። አንድ ጊዜ ተነቅሎ እንደገና ለብሷል ማለት ነው። ይህ ማጭበርበር አይደለም። ስለት ከአባት ወደ ልጅ ሲያልፍ እጀታው ይሰበራል፣ ይታደሳል፤ ጃፓኖቹም አንዱን ስለት እንደ ዘመኑና እንደ ባለቤቱ ሹመት ልብሱን ሲቀያይሩለት ኖረዋል። ማጭበርበር የሚሆነው ትናንት የለበሰውን «ዓድዋ ላይ የነበረ» ብሎ መሸጥ ነው።

ወደ ሳንቲሙ ልምጣ። የአክስቴ ልጅ 1780 ያለው የማርያ ቴሬዛ ብር ነው። የኦስትሪያዋ ንግሥት የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የተመታው የማርያ ቴሬዛ ብር ሁሉ፣ መቼም ይመታ መቼ፣ የተጻፈበት ዓመት 1780 ነው። ምክንያቱም ቀይ ባሕርን ዙሪያ ያለው ነጋዴ የለመደውን መልክ ካላየ አይቀበልም። ስለዚህ በቪየና ብቻ ሳይሆን በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በቦምቤይም ተመትቷል። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ነው፤ ከመቶ 83 እጁ ንጹሕ ብር ነው። 1780 የሚለውን አይቶ ዕድሜ መቁጠር፣ ድርጅቱ የተቋቋመበትን ዓመት ማኅተሙ ላይ አይቶ ደብዳቤው ያኔ ተጻፈ እንደማለት ነው።

ሮም ያልኩት እንዲሁ አይደለም። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሊወር ሲነሣ የማርያ ቴሬዛን ብር የመምታት መብት ከኦስትሪያ አግኝቶ እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ ሮም ውስጥ ማስመታት ጀመረ። አገሬው የሚያምነው በዚያ ብር ስለሆነ፣ በዚያው ሊገዛን ነው። ሊቃውንቱ በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎችና የንስሩን ላባ እየቆጠሩ የተመታበትን አገር ይለያሉ። ከጠላት የመጣው ብር ከጊዜ በኋላ የአርበኛ እጀታ አናት ላይ ተቸንክሮ ቢገኝ አይግረማችሁ። የኛው የትኛው እንደሆነ ገና አላጣራሁም፤ ችንካሩ ጌጡን ሸፍኖታል።

አሁን ያ ጃፓናዊ ይምጣ። አፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. አካባቢ በስማቸው ብር ሲያስመቱ ያስመቱት ፓሪስ ነው። ሰገባ ላይ ከብር ክር ሐረግ የሚያወጣ፣ የጋሻ ጉብጉብ በወርቅ ቅብ የሚያለብስ አንጥረኛ ደጃቸው ነበር፤ ማኅተሙን እንዲቀርጽ የጠራው ግን የለም። የፓሪሱ ብርና የቪየናው ብር አገር ቤት ሲገባ አንጥረኛው ተቀብሎ አቀለጠው፤ መስቀል አደረገው፣ የጎራዴ ጌጥ አደረገው። ገንዘቡንም ማዕድኑንም «ብር» የምንልበት ቋንቋችን ራሱ ይህን ይመሰክራል። እዚያ የጎራዴ ጌጥ ሠሪው የመንግሥቱን ገንዘብ ሠራ፤ እዚህ የሌላ መንግሥት ገንዘብ የጎራዴ ጌጥ ሆነ። የእጅ ጥበብ ልዩነት ነው ብላችሁ እንዳትሉኝ፤ ጥሩ ሰገባ ያየ ሰው አይልም። ልዩነቱ ባለሙያውን የምናስቀምጥበት ቦታ ነው።

የት እንዳስቀመጥነው ታውቃላችሁ። «ጠይብ» ስድብ ነው። «ቀጥቃጭ» ስድብ ነው። «ቡዳ» ከስድብም አልፎ ሰው የተገደለበት ስም ነው። ከፈረንሳይ ተነሥታችሁ በእንጦጦ ግርጌ ወደ ምዕራብ ብትሄዱ ቀጨኔ ትደርሳላችሁ፤ ሸክላ ሠሪው፣ ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ ያለበት ሰፈር ነው። ከሰሜን ሸዋ የመጡ፣ ሥራቸው ቤተ መንግሥቱንም ሕዝቡንም ያገለገለ፣ በልጆቻቸው ላይ እስከ ትናንት ጣት የተቀሰረባቸው ሰዎች ናቸው። ጎንደር አካባቢ ቤተ እስራኤሎቹ ለነገሥታቱ ብረት ሲቀጠቅጡ፣ ግንብ ሲሠሩ ኖረው ያተረፉት ያንኑ ስም ነው። ከተማ ውስጥ የአርመንም የሕንድም ባለሙያ ለቤተ መንግሥቱ ሠርቷል፤ እሱን ግን ማንም ቡዳ አላለውም።

አፄ ምኒልክ ይህ አልታያቸውም ማለት አይቻልም። በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንደሚቀጣ፣ አገር የምትጎዳው በዚህ ስድብ እንደሆነ ተናግረዋል። አዋጁ ጥሩ ነው። ግን አስቡት፦ ንጉሠ ነገሥት አዋጅ እስኪያወጣ ድረስ የደረሰ ነገር ነበር ማለት ነው። ደግሞም በአዋጅ አልቆመም፤ ያደጋችሁበትን ሰፈር ጠይቁ።

ባለፈው ወር እንጦጦ ማርያም ወጥቼ ነበር። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. የነገሡበት ደብር ነው፤ ከቅጥሩ ውስጥ የነገሥታቱ ንብረት የሚታይበት ሙዚየም አለ። በመንገዴ ላይ ሳስብ የነበረው ስለ ሙዚየሞቻችን ሁሉ ነው። ከመስታወቱ ጀርባ ያለውን ጋሻ ወይም ጎራዴ የምናውቀው በባለቤቱ ነው፦ የእገሌ ንጉሥ፣ የእገሌ ራስ፣ የደጃዝማች እገሌ። ሠሪውን ብትጠይቁ ጠያቂውን ነው የሚያዩት። እኛም የሠሪ ስም ፈልገን አናውቅም። ጎራዴው ላይ የሚጻፉት የንጉሥና የፋብሪካ ስሞች ናቸው። ሠሪው ቢጽፍስ ምን ብሎ ይጽፍ ነበር? ስሙ ራሱ ስድብ በሆነበት አገር?

ስም የሌለው ዕቃ ደግሞ ሲዘረፍም ለመለየት ይቸግራል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 13 ቀን 1868 መቅደላ ስትወድቅ እንግሊዞች የዘረፉትን በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ጭነው ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተሻሻጡት። ከዚያ ውስጥ የነበረ አንድ ጋሻ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ኒውካስል ከተማ ለጨረታ ቀረበ። መቅደላ የነበረ ለመሆኑ ዋናው ማስረጃ ምን መሰላችሁ? ጋሻው ላይ የተቀረጸው «መቅደላ» የሚል ቃልና የዚያች ቀን ስም ነው። ባለሙያችን ምልክት አላኖረበትም፤ የወሰደው ሰው ግን አኖረ። የቅርስ ባለሥልጣን ተቃውሞ ጨረታው ተሰረዘ፣ ጋሻውም በኋላ ለኢትዮጵያ ተመለሰ። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወር ከተመለሱት የመቅደላ ዕቃዎች መካከልም ጋሻ ነበረበት። ደስ ብሎኛል። ግን በአንድ በኩል ለንደን ድረስ እየተከራከርን ጋሻ እናስመልሳለን፣ በሌላ በኩል ፈረንሳይ ለጋሲዮን ውስጥ የአያቴን እጀታ አውልቆ ለመጣል የተዘጋጀ ሰው ሁለት ጊዜ በር ያንኳኳል። ባለቤቱ ካቀለለው አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም ይሉ የለ።

«ታዲያ እኔ በምን ልለየው?» ለሚል፣ ሽማግሌው ያስተማሩኝን ላካፍል፤ ሁሉንም አልያዝኩትም።

የብሩን ሥራ በአጉሊ መነጽር እዩት። በጥሩ ሥራ ላይ የብር ክሩ ሁለት ቀጫጭን ክር ተገምዶ ነው የሚሠራው፤ ግምዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ነው። ጥቃቅኗ የብር ፍሬ በራሷ ቆማ፣ ከሥር ብቻ ተያይዛ ትታያለች። በመጥፎው ላይ ብየዳው ክፍተቱን ሁሉ ሞልቶ ሐረጉ ገንፎ ይመስላል። ዛሬ ገበያ ላይ የሚገኘው አብዛኛው ደግሞ ከናካቴው ክር የለውም፤ በሻጋታ ፈሶ የወጣ ነጭ ብረት ነው። ፈሶ የወጣ ነገር ጠርዙ ይደነዝዛል፣ ሁለት ጌጥ ጎን ለጎን ብታስቀምጡ እንከናቸው እንኳ አንድ ነው። በእጅ የተሠራ ደግሞ መንትያ የለውም።

ሰገባውን አገላብጡ። የውስጡ እንጨት፣ የላዩ ቀይ ቆዳ ነው። በእርግጥ የታጠቁት ከሆነ ወደ ሰውነት የዞረው ጎን ያልቃል፣ ወደ ውጭ ያለው ይተርፋል፤ ዙሪያውን እኩል ያረጀ ሰገባ በአሸዋ ወረቀት ያረጀ ነው። ስፌቱን እዩት፤ በጥሩ ሰገባ ላይ ስፌቱ በጀርባ መሐል ቀጥ ብሎ ወርዶ፣ ጫፉ ላይ ያለው ብረት ስር ገብቶ ይጠፋል። ስለቱን አስገቡት። ቁልምሙ ከሰገባው ቁልምም ጋር የማይስማማ ከሆነ፣ ሁለቱ የተገናኙት ገበያ ላይ ነው። ደግሞ አሽትቱት። አዲስ ቆዳ የፋብሪካ መድኃኒት ይሸታል፤ አሮጌው ቅቤና ጭስ።

የሚቀረውን እጃችሁ ይነግራችኋል። የዓመታት ወዝ አውራ ጣት የሚያርፍበት ላይ ያበራል፣ ጥጋ ጥጉ ላይ ይጠቁራል። በቀለም የጠቆረ ግን ሁሉም ቦታ እኩል ነው። እባካችሁ በሎሚና በአመድ ፈትጋችሁ አታብሩት! አክስቴ ለፋሲካ ሊፈትጉት አስበው ነበር፤ በግድ ነው ያስቆምኳቸው።

ከአገር ማውጣትን በተመለከተ ጉዳዩ የዋጋ ሳይሆን የሕግ ነው። የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፤ ያለ ፈቃድ ቅርስ ማውጣት ያስጠይቃል። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችሁ «የአባታችንን ጎራዴ ላኩልን» ሲሉ ይህንን ንገሯቸው።

ወደ አክስቴ ተመልሼ ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። ብዙውን ዝም ብለው ሰሙ። ሁለተኛ ባል የሚለው ላይ ሲደርስ ሳቁ፤ ከዚያ ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«እጀታውንማ አስታውሳለሁ» አሉ። «ትንሽ ልጅ ነበርኩ፣ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው። አሮጌው ተሰንጥቆ አባባ አንድ ሰው አስመጣ። ከቀጨኔ በኩል ነበር የሚመጣው። ሦስት ቀን እዚያ ዋንዛው ሥር ተቀምጦ ሠራው። ብሩን አባባ ነው ከኪሱ አውጥቶ የሰጠው።»

«ቤት አይገባም ነበር?» አልኳቸው።

«አይገባም። እማማ እህል በቅጠል ነበር የምትሰጠው፤ ቡናም በተለየች ስኒ። እኛን እንዳያያችሁ እያለች ጓዳ ታስገባን ነበር።» ትንሽ ዝም ካሉ በኋላ «እኔ ግን በቀዳዳ አየው ነበር» አሉ። «እጁ አይንቀጠቀጥም።»

ስሙን ያስታውሱ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ስሙን ማን ይጠይቀዋል ልጄ» አሉኝ።

ነጋዴው በማግስቱ ሲደውል ጎራዴው እንደማይሸጥ ነገሩት። በነጠላ ጠቅልለው አልጋቸው ሥር አስገብተውታል፤ የአክስቴ ልጅ አሁንም 1780 ላይ አልተስማማኝም። እኔ ግን ሰውየውን ፍለጋ ላይ ነኝ። ከ1934 እስከ 1945 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ፈረንሳይ፣ ጉራራና ቀበና አካባቢ ቤት ለቤት እየዞረ እጀታ የሚያለብስ፣ ከቀጨኔ የሚመጣ ባለ እጅ የሚያውቅ ሽማግሌ ቤታችሁ ካለ ጠይቁልኝ። ቤታችሁ ግድግዳ ላይ ጎራዴ ካለም፣ ከአንበሳው በፊት የእጀታውን አናትና የሰገባውን ጀርባ ፎቶ አንሥታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ሁለት እጀታ ላይ አንድ ዓይነት ግምድ ካገኘሁ፣ ስሙን ባላገኝም እጁን አገኘሁት ማለት ነው።